የኮምፒውተር መልሶ ማስነሻ ዲስክ፦ አዘገጃጀት፣ አጠቃቀምና አያያዝ

በሆሳዕና እንዲሁም በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ለሚገኙ ተገልጋዮችና አገልግሎት ሰጪ ተቋማት የቀረበ መረጃ

መግቢያ

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫ፣ በዶዮገናና በአካባቢው በሚገኙ ሌሎች ከተሞች በርካታ የመንግሥትና የግል አገልግሎቶች በኮምፒውተር እየተሰጡ ይገኛሉ። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት የውጤት መዝገብ፣ የነጋዴ ሒሳብ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ደንበኞች ውልና ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ በአንድ ማሽን ውስጥ ተከማችተው ይኖራሉ። ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከተሞች አንዷ እንደመሆኗ፣ በከተማዋ ለጉዳዩ የሚመላለሰው ሰው ከአንድ ዞን ብቻ የሚመጣ አይደለም።

ይህ ማሽን አንድ ቀን ማለዳ አልነሣ ሲል ከሩቅ ቀበሌ የትራንስፖርት ከፍሎ የመጣ ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል። የጥገና ባለሙያ እስኪገኝም ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ። ከዚህ የከፋው ጉዳት ግን በጥገናው ወቅት የሚደርሰው ነው። ማሽኑ በችኮላ ፎርማት ይደረግና የዓመታት ሰነድ አብሮ ይጠፋል።

ይህ ጽሑፍ ተገልጋዮችና የተቋማት ሠራተኞች ለራሳቸው ማሽን የተስማማ የመልሶ ማስነሻ ዲስክ እንዴት እንደሚያዘጋጁ፣ እንደሚፈትሹና እንደሚጠቀሙበት ያብራራል። አንባቢው ከሁሉ በፊት ሁለት ነገሮችን እንዲይዝ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ዲስኩ የሚዘጋጀው ኮምፒውተሩ ደኅና ሳለ ነው። ሁለተኛ፣ ዲስኩ ማሽኑን ያስነሣል እንጂ በማሽኑ ላይ የተሠራውን ሥራ አይመልስም፤ ሰነድ የሚመለሰው አስቀድሞ በሌላ ቦታ ቅጂው ከተቀመጠ ብቻ ነው።

1. መልሶ ማስነሻ ዲስክ ምንድን ነው?

ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ ሥራ የሚጀምረው በማዘርቦርዱ ላይ ያለ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም የማሽኑን ክፍሎች ከፈተሸ በኋላ ወደ ሃርድ ዲስኩ ሄዶ እንደ ዊንዶውስ ያለውን ስርዓተ ክወና ይፈልግና ሥራውን ያስረክበዋል። በሃርድ ዲስኩ ላይ ለመነሻ የሚያስፈልጉ ፋይሎች ከተበላሹ ርክክቡ ይቋረጣል፤ ማሽኑ መብራት ቢኖረውም ከጥቁር ወይም ከሰማያዊ ገጽ አያልፍም።

መልሶ ማስነሻ ዲስክ፣ በባለሙያዎች አጠራር ሪከቨሪ ዲስክ፣ ለማሽኑ ሌላ መነሻ የሚሰጥ ከውጭ የሚገባ ማከማቻ ነው። ማሽኑ ከዚሁ ዲስክ ተነሥቶ የተበላሸውን እንዲጠግን፣ ሰነዶችን ወደ ሌላ ቦታ እንዲገለብጥ ወይም ስርዓተ ክወናውን እንደገና እንዲጭን ያስችላል።

«ዲስክ» የሚለው ስያሜ ከሲዲ ዘመን የቀረ ነው። ሲዲ ወደ 700 ሜጋ ባይት፣ መደበኛ ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ባይት ይይዛሉ። የዊንዶውስ 11 መጫኛ ከ5 ጊጋ ባይት በላይ በመሆኑ በመደበኛ ዲቪዲ ላይ አይበቃም፤ አብዛኞቹ አዳዲስ ላፕቶፖችም የዲቪዲ ማጫወቻ የላቸውም። በመሆኑም በአሁኑ ጊዜ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ፍላሽ ነው።

2. ለምን ያስፈልጋል?

ኮምፒውተር እንዳይነሣ ከሚያደርጉ ምክንያቶች የሚከተሉት ተጠቃሾች ናቸው፦

- ማሽኑ ፋይል በሚጽፍበት ወይም ማሻሻያ በሚጭንበት ቅጽበት የኤሌክትሪክ ኃይል መቋረጥ፤
- ከማሽን ማሽን በሚዘዋወር ፍላሽ የሚገባ ቫይረስ፤
- ያልተሟላ ወይም ስሕተት ያለበት የሶፍትዌር ማሻሻያ፤
- የሃርድ ዲስክ እርጅና።

ችግሩ የአነስተኛ ከተሞች ብቻ አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለ የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ ያሠራጨው ስሕተት ያለበት ማሻሻያ በዓለም ዙሪያ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች እንዳይነሡ አድርጓል። አየር መንገዶች፣ ባንኮችና ሆስፒታሎች አገልግሎት ለማቋረጥ ተገደዋል። ማሽኖቹ ስለማይነሡ መፍትሔውን በኢንተርኔት ማድረስ በአብዛኛው አልተቻለም፤ ባለሙያዎች በየማሽኑ ፊት ተቀምጠው ማስተካከል ነበረባቸው። ማይክሮሶፍትም በቀናት ውስጥ ከፍላሽ የሚነሣ የመጠገኛ መሣሪያ አውጥቷል። ይሁንና የዲስክ መክፈቻ ቁልፋቸውን በአግባቡ ያልያዙ ተቋማት ፍላሹ በእጃቸው እያለ ጭምር ለመጠገን ተቸግረዋል። በዚህ ጽሑፍ ተራ ቁጥር 4 ላይ ስለ ቁልፍ የተነገረው ከዚህ የተነሣ ነው።

3. ለራስ ማሽን የተስማማ ዲስክ ለምን ይመረጣል?

ከገበያ የተገኘ ማንኛውም የዊንዶውስ ፍላሽ ማሽኑን ሊያስነሣ ይችላል። ሆኖም ማሽኑ ተነሣ ማለት ቢሮው ሥራ ጀመረ ማለት አይደለም። ዊንዶውስ እንደገና ከተጫነ በኋላ የሚጎድሉት ነገሮች ናቸው ሥራውን ለተጨማሪ ቀናት የሚያስቆሙት።

የኔትወርክ ድራይቨር፦ ይህ ከጠፋ ማሽኑ ከኢንተርኔት አይገናኝም፤ ካልተገናኘ ደግሞ ራሱን ድራይቨሩን ማውረድ አይቻልም። አስቀድሞ በፍላሹ ላይ ከተቀመጠ ግን ጉዳዩ በደቂቃዎች ይፈታል።

የአማርኛ መጻፊያና ፎንት፦ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ ደብዳቤዎች የሚጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። ዊንዶውስ የግዕዝ ፊደልን የሚያሳይ የራሱ ፎንት ቢኖረውም፣ ቀደም ባሉት ዓመታት በቪዥዋል ግዕዝና በመሰል ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶች የተጻፉበት ፎንት በማሽኑ ላይ ከሌለ የማይነበቡ የላቲን ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። ብዙ ተጠቃሚዎች በዚህ ጊዜ «ሰነዱ ተበላሸ» ብለው ይሰርዙታል። ሰነዱ ግን አልተበላሸም፤ ፎንቱ ሲመለስ እንደገና ይነበባል። በሀዲይሳና በከምባቲሳ የተዘጋጁ የትምህርት ጽሑፎች በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ይህ ችግር አይገጥማቸውም።

የማተሚያና የፎቶ ኮፒ ማሽን ድራይቨር፦ ያለዚህ ደብዳቤ ተጽፎ አይታተምም። የኮምፒውተር ጽሕፈት አገልግሎት ለሚሰጡ ቤቶች ይህ የዕለት ገቢ ጉዳይ ነው።

የሥራ ፕሮግራሞች፦ እንደ ፒችትሪ ያለ የሒሳብ ፕሮግራም የሚጠቀም ድርጅት የፕሮግራሙን መጫኛና የፈቃድ ቁጥር ከፍላሹ ጋር ሊያኖር ይገባል።

4. ከመጀመርዎ በፊት ሊሟሉ የሚገባቸው

1. ሁለት ፍላሾች። አንደኛው ለዊንዶውስ የራሱ መልሶ ማስነሻ የሚውል ቢያንስ 16 ጊጋ ባይት፣ ሁለተኛው ለተጨማሪ መሣሪያዎች የሚውል 32 ወይም 64 ጊጋ ባይት ይሁን። በዝግጅቱ ወቅት በፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ የሚፈለግ ነገር ካለ አስቀድሞ ይገልበጥ።

2. አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ። ይህ ለሰነዶች ቅጂ ነው። መጠኑ ቢያንስ በማሽኑ ላይ ከተያዘው ቦታ የሚበልጥ ሊሆን ይገባል።

3. የማሽኑ መግለጫ። የማሽኑን ሥሪትና ሞዴል፣ የዊንዶውሱን ዓይነት፣ ባለ 32 ወይም ባለ 64 ቢት መሆኑን በወረቀት ይመዝግቡ። ይህ መረጃ በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም» ከዚያም «አባውት» በሚለው ሥር ይገኛል።

4. የቢትሎከር ቁልፍ። አንዳንድ ማሽኖች፣ በተለይም ዊንዶውስ 11 ያላቸው አዳዲስ ላፕቶፖች፣ ባለቤቱ ሳያስተውል ዲስካቸው በምሥጢር የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ማሽን ከውጭ ሲነሣ ባለ 48 አኀዝ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ከሌለ በዲስኩ ላይ ያለውን ሰነድ ማንም ባለሙያ ሊከፍተው አይችልም። በመሆኑም ማሽኑ ደኅና ሳለ ቁልፉን አትሞ ከማሽኑም ከፍላሹም በተለየ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ማሽኑ ሲዘጋጅ የማይክሮሶፍት መለያ ጥቅም ላይ ውሎ ከሆነ ቁልፉ በዚያ መለያ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ የመለያው የይለፍ ቃል በአንድ ሠራተኛ ብቻ የሚታወቅ መሆን የለበትም።

5. የማይቋረጥ ኃይል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ በዩፒኤስ ላይ ይሁን። ፍላሽ በሚዘጋጅበት ጊዜ መብራት ቢቋረጥ ፍላሹ ከመነሻው መዘጋጀት ይኖርበታል።

5. የአዘገጃጀት ቅደም ተከተል

ሀ. የዊንዶውስ የራሱ መልሶ ማስነሻ ፍላሽ

ይህ ክፍል ኢንተርኔትም ሆነ ተጨማሪ ፕሮግራም አይጠይቅም።

1. ፍላሹን በማሽኑ ላይ ይሰኩ።
2. በመፈለጊያው ሳጥን «ሪከቨሪ ድራይቭ» ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉና የሚመጣውን ፕሮግራም ይክፈቱ።
3. የስርዓቱ ፋይሎች አብረው እንዲቀመጡ የሚጠይቀው ሳጥን ምልክት የተደረገበት መሆኑን ያረጋግጡ። ምልክቱ ከሌለ ፍላሹ መጠገን ይችላል እንጂ ዊንዶውስን እንደገና መጫን አይችልም።
4. ከዝርዝሩ ትክክለኛውን ፍላሽ ይምረጡ። ሌላ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተሰክቶ ከሆነ በስሕተት እንዳይጠፋ አስቀድሞ ይነቀል።
5. እንዲጀምር ያዝዙና እስኪጠናቀቅ ይጠብቁ። ሥራው ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል።

ማይክሮሶፍት ይህን ፍላሽ በየዓመቱ እንደ አዲስ ማዘጋጀትን ይመክራል። ምክንያቱም ዊንዶውስ በየጊዜው ስለሚሻሻል የቆየ ፍላሽ የቆየውን ስርዓት ይዞ ስለሚቀር ነው።

ለ. ለቢሮዎ የተስማማ ባለ ብዙ መሣሪያ ፍላሽ

ሁለተኛው ፍላሽ በአንድ ላይ በርካታ የመነሻ ፋይሎችን እንዲይዝ ቬንቶይ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም መጠቀም ይቻላል። ቬንቶይ አንድ ጊዜ በፍላሹ ላይ ከተጫነ በኋላ፣ «አይኤስኦ» የሚባሉትን የመነሻ ፋይሎች እንደ ማንኛውም ሰነድ ገልብጦ ማስቀመጥ በቂ ነው፤ ማሽኑ ከፍላሹ ሲነሣ የትኛውን እንደሚፈልጉ በዝርዝር ይጠይቃል። በፍላሹ ላይ እንዲቀመጡ የሚመከሩት የሚከተሉት ናቸው፦

- ማሽኑ የሚጠቀምበት የዊንዶውስ መጫኛ፣ ከማይክሮሶፍት የራሱ ገጽ የወረደ፤
- ኡቡንቱ፦ በሃርድ ዲስኩ ላይ ሳይጫን ከፍላሹ ተነሥቶ መሥራት የሚችል ነጻ ስርዓተ ክወና ነው። ዊንዶውስ አልነሣ ሲል ሰነዶችን ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ለመገልበጥ ያገለግላል፤
- ክሎንዚላ፦ ሙሉውን ዲስክ እንዳለ ቀድቶ ለማስቀመጥና መልሶ ለመጫን፤
- ሜምቴስት፦ የማሽኑን ራም ለመፈተሽ።

ከእነዚህ ጎን ለጎን አንድ ፎልደር ተከፍቶ በተራ ቁጥር 3 የተጠቀሱት ድራይቨሮች፣ የአማርኛ መጻፊያ፣ ፎንቶችና የሥራ ፕሮግራሞች መጫኛ ይቀመጡበት። የፎልደሩ ስም የማሽኑን ሞዴል የያዘ ቢሆን በተቋሙ ውስጥ የተለያዩ ማሽኖች በሚኖሩበት ጊዜ መደናገርን ያስቀራል።

የመነሻ ፋይሎቹ መጠናቸው ከፍተኛ በመሆኑ ማውረዱ ጊዜና የኢንተርኔት ወጪ ይጠይቃል። ሆኖም አንድ ጊዜ የወረደ ፋይል ለብዙ ማሽኖች ስለሚያገለግል፣ በአንድ ግቢ የሚገኙ ጽሕፈት ቤቶች ወይም ጎረቤት የሆኑ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች በጋራ ቢያወርዱ ወጪው ይቀንሳል።

ሐ. የማሽኑን ሙሉ ምስል ማስቀመጥ

ዊንዶውስ፣ ፕሮግራሞች፣ ፎንቶችና ሰነዶች ሁሉ እንደነበሩ በአንድ ላይ እንዲመለሱ ከተፈለገ የዲስኩ ሙሉ ምስል በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ይህን በክሎንዚላ፣ ወይም በዊንዶውስ «ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር» በሚለው ክፍል ማከናወን ይቻላል። ለዚህ የሚስማማው ጊዜ ማሽኑ ከቫይረስ ነጻ መሆኑ ከተረጋገጠና የሥራ ፕሮግራሞች ሁሉ ከተሟሉ በኋላ ነው። የተበከለ ማሽን ምስል ሲመለስ ብክለቱም አብሮ ይመለሳል።

ምስሉ የተቀመጠበት ቀን በግልጽ ይጻፍ። ምስሉ ከተወሰደበት ቀን በኋላ የተሠራ ሥራ በውስጡ ስለማይገኝ የዕለት ሰነዶች በየቀኑ ወይም ቢያንስ በየሳምንቱ ለብቻ ሊገለበጡ ይገባል።

6. የተዘጋጀው ፍላሽ መፈተሽ አለበት

ያልተፈተሸ ፍላሽ እንደሌለ ይቆጠራል። ፍላሹን ሰክተው ማሽኑን እንደገና ያስነሡና የመነሻ ምርጫ የሚያመጣውን ቁልፍ ወዲያውኑ ደጋግመው ይጫኑ። ቁልፉ እንደ ማሽኑ ሥሪት ይለያያል፦

- ኤችፒ፦ ኢስኬፕ ወይም ኤፍ9
- ዴል፦ ኤፍ12
- ሌኖቮ፦ ኤፍ12፤ በአንዳንድ ሞዴሎች በጎን ያለች ትንሽ ቁልፍ
- ቶሺባ፦ ኤፍ12
- ኤሰር፦ ኤፍ12፤ በአንዳንዶቹ አስቀድሞ በማዘርቦርዱ ማስተካከያ ሊፈቀድ ይገባል
- አሱስ ላፕቶፕ፦ ኢስኬፕ

የፍላሹ ገጽ ከታየ ፈተናው ተሳክቷል። ምንም ነገር ሳይጭኑ ወይም ሳያጠፉ ማሽኑን ዘግተው ፍላሹን ይንቀሉ። ገጹ ካልታየ የሚከተሉትን ይመልከቱ፦ ፍላሹ በሌላ መሰኪያ ይሞከር፤ የፍላሹ ዓይነት ከማሽኑ አነሣሥ ጋር መጣጣሙ ይረጋገጥ፤ ቬንቶይ ያለበት ፍላሽ ከሆነ «ሴኪዩር ቡት» የተባለው ጥበቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ሊጠይቅ እንደሚችል ይታወቅ። ይህ ጥበቃ ለፈተናው ሲባል ከተዘጋ ሥራው እንዳበቃ ወደነበረበት ሊመለስ ይገባል። በቢትሎከር የተቆለፈ ማሽን ላይ ግን ይህን ማስተካከያ ከመንካት በፊት ቁልፉ በእጅ መኖሩ ይረጋገጥ።

7. ማሽኑ አልነሣ ያለ ዕለት

በዚህ ዕለት የሚፈጸመው ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከቅደም ተከተል የሚመጣ ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው፦

አንደኛ፣ ድምፁን ያዳምጡ። ሃርድ ዲስኩ የመንኳኳት ወይም የመፋጨት ድምፅ ካሰማ ማሽኑን አጥፍተው ለባለሙያ ያድርሱ። እንዲህ ያለውን ዲስክ ደጋግሞ ማስነሣት ሊተርፍ የሚችለውን ሰነድ ያጠፋል።

ሁለተኛ፣ ሰነዱን ያውጡ። ቅጂ የሌለው ሰነድ ካለ ከማንኛውም ጥገና በፊት በኡቡንቱ ተነሥተው «መጫን» ሳይሆን «መሞከር» የሚለውን በመምረጥ ሰነዶቹን ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ።

ሦስተኛ፣ ቀላሉን ጥገና ይሞክሩ። በመጀመሪያው ፍላሽ ተነሥተው «ትራብልሹት» ከዚያም «ስታርትአፕ ሪፔር» የሚለውን ይምረጡ። ይህ የመነሻ ፋይሎችን ብቻ ለማስተካከል ይሞክራል እንጂ ሰነድ አይነካም። ካልሆነም «ሲስተም ሪስቶር» ስርዓቱን ቀደም ወዳለ ቀን ይመልሰዋል።

አራተኛ፣ እንደገና መጫን የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። በፍላሹ ላይ የሚገኘው «ሪከቨር ፍሮም ኤ ድራይቭ» የተባለው ምርጫ ሰነዶችንና ፕሮግራሞችን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ይጭናል። ሰነዱ መውጣቱን በዓይንዎ ሳያረጋግጡ ይህን አይምረጡ።

ማሽኑን ወደ ጥገና ቤት የሚወስዱ ከሆነ «ሰነዱ ሳይገለበጥ ፎርማት እንዳይደረግ» በማለት በግልጽ ይናገሩ፤ ተቋም ከሆነም በጽሑፍ ያስይዙ። ሰነዱ በዲስክ «ዲ» ላይ ስለተቀመጠ ብቻ አይጠፋም ብሎ መተማመን አይገባም። «ሲ» እና «ዲ» በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ያሉ ሁለት ክፍልፋዮች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ዲስኩ ሲበላሽ ወይም ሙሉ በሙሉ ሲከፋፈል ሁለቱም ይጠፋሉ።

8. አያያዝና ሕጋዊ ጥንቃቄ

መልሶ ማስነሻው ፍላሽ ለዕለት ሥራ አይውልም። ፎቶ የሚታጠብበት፣ ሰነድ የሚታተምበት ፍላሽ ከማሽን ማሽን ሲዘዋወር በቫይረስ ይበከላል፤ ታማሚውን ሊያድን የተቀመጠው መሣሪያ በሽታ አስተላላፊ ይሆናል። ፍላሹ የተዘጋጀበት ቀንና የማሽኑ ሞዴል ተጽፎበት በመሳቢያ ይቆለፍ። ሁለተኛ ቅጂ ካለ በሌላ ሕንጻ ቢቀመጥ ከእሳትና ከስርቆት ይጠብቃል።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም ቅጂ ሕጋዊ ባለቤት የሆነ ሰው ለመጠባበቂያና ለምትክ የሚውል አንድ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል። ፈቃዱ ግን ለሌላ ሰው አባዝቶ መስጠትን ወይም መሸጥን አያካትትም። «ክራክ» የተደረጉ የዊንዶውስ ፍላሾች ከሕግ ጥያቄው ባሻገር ምን እንደተጨመረባቸው አይታወቅም። ባለጉዳዮች የግል መረጃ በሚገኝበት የቢሮ ማሽን ላይ ሊጫኑ አይገባም።

የማሽኑ ሙሉ ምስል በተለይ ጥብቅ ጥበቃ ያስፈልገዋል። በውስጡ የዜጎች ስም፣ ፎቶግራፍ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የጤና ወይም የትምህርት መረጃ ሊኖር ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለውን መረጃ የያዘ ተቋም በኃላፊነት እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ስለሆነም ምስሉ ያለበት ሃርድ ዲስክ ማን እንደያዘው በመዝገብ ሊታወቅ፣ ሠራተኛ ሲቀየርም በርክክብ ሊሰጥ ይገባል።

9. ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

የአንድ ማሽን ፍላሽ ለሌላ ማሽን ያገለግላል?
የመጫኛ ፋይሎቹ ለብዙ ማሽኖች ያገለግላሉ። ድራይቨሮቹና ሙሉው ምስል ግን የተዘጋጁት ለአንድ ዓይነት ማሽን ስለሆነ በሌላ ሞዴል ላይ ላይሠሩ ይችላሉ።

ዊንዶውስ እንደገና ከተጫነ ፈቃዱ ይጠፋል?
ፈቃዱ በዲጂታል መንገድ ከማሽኑ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ያው የዊንዶውስ ዓይነት በዚያው ማሽን ላይ ሲጫንና ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ራሱ ይመለሳል። ማዘርቦርዱ ከተቀየረ ግን እንደገና ማረጋገጥ ሊጠይቅ ይችላል።

ማሽኔ ዊንዶውስ 10 ነው፤ ፍላሹን ማዘጋጀት ይጠቅመኛል?
ይጠቅማል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማሽኑ መሥራቱን ባያቆምም መደበኛው የደኅንነት ማሻሻያ ስለቆመ ለጥቃት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ስለሆነም ፍላሹንም የሰነድ ቅጂውንም ሳይዘገዩ ማዘጋጀት፣ ማሽኑ መስፈርቱን የሚያሟላ ከሆነም ወደ ዊንዶውስ 11 ማሳደግ ይመከራል።

ሰነዶቼን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ቢገባ ፍላሹ ይመልስልኛል?
ፍላሹ ማሽኑን አጽድቶ እንደገና ለመጫን ያገለግላል። የተቆለፉትን ሰነዶች ግን አይከፍትም። እነርሱን የሚመልሰው ከማሽኑ ተነቅሎ የተቀመጠ ቅጂ ነው። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ዘወትር ተሰክቶ ከዋለ ቫይረሱ እርሱንም ስለሚቆልፍ፣ ገልብጠው እንደጨረሱ መንቀል አይዘንጉ።

ፍላሹ ተቀምጦ ይበላሻል?
ሊበላሽ ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜ ሲታደስ በዚያው ይፈተሻል። አዲስ በጀት ዓመት በሚጀምርበት በሐምሌ ወር ከንብረት ቆጠራው ጋር ማከናወን ለተቋማት አመቺ ነው።

ለተጨማሪ ማብራሪያ

ይህን ሥራ በራሳቸው ለማከናወን የሚቸገሩ ተገልጋዮች በዞን ወይም በወረዳ ደረጃ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሥራን ወደሚመራው ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርበው ምክር ሊጠይቁ ይችላሉ። ሲቀርቡም በተራ ቁጥር 4 የተገለጸውን የማሽን መግለጫ ይዘው ቢመጡ አገልግሎቱን ያፋጥናል። ተቋማት በበኩላቸው ለፍላሹና ለሰነድ ቅጂው ኃላፊ የሚሆን አንድ ሠራተኛና አንድ ተተኪ በስም እንዲወክሉ ይመከራል፤ ማሽኑ አልነሣ ያለ ዕለት ባለጉዳዩ በር ላይ ቆሞ ሳለ ፍላሹ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው በቦታው መገኘት አለበትና።